በአንድ ከተማ ሁለት መደርደሪያ፦ ጭቆና፣ እስርና ማንነት በምዕራብ ሸዋ

በ1943 ዓ.ም. ገደማ አምቦ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ታዳጊ ተማሪ የጻፈው ቴአትር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታየ። ተማሪው ከአምቦ ብዙም በማትርቀው ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነበር፤ ቴአትሩ ደግሞ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች። በጥንቱ የግሪክ ተረክ ይህ ንጉሥ አንዱን ሰው ሞት ይፈርድበታል። ፍርደኛው ቤቱን አሰናድቶ እስኪመለስ ወዳጁ ዋስ ሆኖ በእሱ ፈንታ ይታሰራል፤ ሰውየው ቀኑን ካሳለፈ የሚሞተው ዋሱ ነው። አንድ የአምቦ ልጅ ከመጽሐፍ ሁሉ መርጦ ይህን ማንሣቱ፣ ያውም ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ፊት፣ ዛሬም ያስደንቀኛል። ጨካኝ ገዥ፣ እስረኛና ዋስ ከዚያ በኋላም ከጸጋዬ መድረክ አልጠፉም። ከምዕራብ ሸዋ ሕይወትም አልጠፉም።

ከአዲስ ዓለም በጊንጪ አድርጎ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን በሚያገናኘው መንገድ ዳር የተወለዱ ወይም የኖሩ ሰዎች ስለ ጭቆናና ስለ እስር፣ «እኔ ማን ነኝ?» ስለሚለው ጥያቄም ብዙ ጽፈዋል፤ ብዙም አዚመዋል። ችግሩ ያለው ከአነባበባችን ነው። ሥራዎቹን በቋንቋ ለይተን በሁለት መደርደሪያ አስቀምጠናቸዋል። የአማርኛው አንባቢ ጸጋዬን፣ አቤ ጉበኛንና በዓሉ ግርማን ይዞ ሲቀመጥ፣ የኦሮምኛው አድማጭ የኦሮሞ የቃል ግጥም የሆነውን ጌራርሳንና ድምፃዊውን ሃጫሉ ሁንዴሳን ይዞ ይሄዳል። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም የሁለቱ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍሎች ጎን ለጎን እየኖሩ እምብዛም አይነጋገሩም። ነገሩ ግን የአንድ ጥያቄ ሁለት ግማሽ ነው፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ግማሹን አላነበበም።

በንጉሡ ዘመን አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ፍል ውኃዋና በጠርሙስ የሚሸጠው የማዕድን ውኃዋ ያስከበራት ከተማ ናትና ስሙ ለበጎ የተሰጠ ሊመስል ይችላል። አዳማም ናዝሬት፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት፣ ወሊሶም ጊዮን ተብለው ነበር። ስም አውጪው ምንም ያስብ ምን፣ የአገሬው ሰው ከአያቱ የተቀበለው ስም ከካርታውና ከደብዳቤው ራስጌ ተፍቆ ነው የቆየው። በየቤተሰቡ የሚነገረው የትምህርት ቤት ታሪክም የዚሁ ወገን ነው፦ ልጁ ቤቱ በወጣለት ስም ሄዶ፣ መምህሩ በመዝገብ ላይ ባሰፈረለት ሌላ ስም ይመለሳል። በፍርድ ቤት ደግሞ ገበሬው ተወልዶ ባደገበት ቀበሌ፣ ስለ ራሱ ማሳ ሲከራከር፣ በአስተርጓሚ ነበር የሚናገረው። ዳኛው የሚሰማው የአስተርጓሚውን ቃል ነው፤ ባለጉዳዩ ምን እንደተባለለት ወይም እንደተባለበት የሚያውቀው ፍርዱ ሲነገር ነበር። መሬቱ የመልከኛ፣ እሱ ገባር፤ ቋንቋው ደግሞ የጓሮ ቋንቋ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መንገድና ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ ሲያሰባስብ ያነሣው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ በ1959 ተዘጋ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ሲያወጣ ጉዳዩ በገበሬው ጎጆ ከከረመ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባ ማለት ነው።

ጸጋዬ ያደገው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ከቤቱ፣ ግዕዙን ከቤተ ክህነት አገኘ። ብዙ ተንታኞች ይህን እንደ መልካም ገጠመኝ ጠቅሰው ያልፉታል። እኔ ግን የሥራዎቹ ሁሉ ውጥረት የሚመነጨው ከዚያ ይመስለኛል፤ ገዥው ቋንቋም የተገዛው ቋንቋም እኩል የቤቱ ነበሩና አንዱን እንደ ጠላት፣ ሌላውን እንደ እንግዳ ሊያይ አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1965 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመለትን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን የእንግሊዝኛ ተውኔት እንውሰድ። በኦሮሞ ዘንድ ቅዱስ የሆነው የኦዳ ዛፍ ቃል የሻንካና የኡኩቴ የበኵር ልጅ መሥዋዕት እንዲሆን ያዝዛል። ሻንካ ከአባቶቹ ቃል ጋር ፊት ለፊት አይጋጭም፤ ይልቅ ከሚስቱ ጋር አልተኛም ይላል። ልጁ ካልተወለደ የሚታረድ አይኖርማ። ኡኩቴ ግን እናትነትን የተራበች ሴት ናት፤ ከሻንካ ወዳጅ ከጎአ ትፀንሳለች፤ ከዚያ በኋላ የሸለቆው ሕዝብ በሙሉ ይፈርዳል። እዚህ ተውኔት ውስጥ ወህኒ የለም፤ ዘብ የለም፤ ሰንሰለትም የለም። የሚያስረው ሰው ሁሉ የሚያከብረው፣ ሻንካ ራሱም የሚያከብረው ቃል ነው። ጸጋዬ የኦሮሞን ዓለም ወደ መድረክ ሲያወጣ እንደ ሥዕል አሳምሮ ብቻ አላወጣውም፤ የራሱ ሕግ የራሱን ልጆች እንዴት እንደሚያንቅም አሳየ። የተናቀን ባህል ክብር እያለበሱ፣ በዚያው ብዕር መጠየቅ ከባድ ነው። እሱ ቻለበት።

አሁን ከሌላኛው መደርደሪያ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» አንሡና አጠገቡ አስቀምጡት። በ1955 ዓ.ም. የወጣው ይህ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕሪ ያደረገው በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ሆኖ «እዚህ ግፍ ውስጥ አልወጣም» የሚል ጽንስ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ወደ ጎሬ ተጋዘ። በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሁለት ኢትዮጵያውያን ደራስያን፣ አንዱ ጎጃሜ በአማርኛ፣ ሌላው የአምቦ ልጅ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ዓይነት እምቢታ ጻፉ፦ አንዱ ጋ ጽንሱ አልወለድም ይላል፤ ሌላው ጋ አባቱ አልወልድም ይላል። የ1950ዎቹ ኢትዮጵያ ለአዲስ ሰው ቦታ የላትም የሚለውን ፍርድ ከዚህ በላይ አጥብቆ የተናገረ የፖለቲካ ጽሑፍ አላውቅም። ሁለቱን በአንድ ትምህርት ክፍል አጣምሮ ያስተማረኝ መምህር ግን አልነበረም፤ አንዱ «የአማርኛ ልብ ወለድ»፣ ሌላው «በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአፍሪካ ድራማ» ተብለው ተለያይተዋል።

ያለ ወህኒ መታሰርን በአማርኛ በጥልቀት ያሳየን ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። እሱ ራሱ በጣልያን ወረራ ተማርኮ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ዓመታት ያሳለፈ ሰው ስለሆነ መታሰር ምን እንደሆነ ያውቀዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ግን ሰብለ ወንጌልን ያሰራት የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ዘር ቆጠራ ነው፤ በዛብህን ያሰረው እናቱ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የገባችው ብፅዓት ነው። የበዛብህ እናት ብፅዓት ሻንካን ካሰረው የኦዳ ቃል ምን ያህል ይርቃል? ልጇን የሰጠችው ከፍቅሯ ብዛት ነው፤ የኦዳው አባቶችም ማኅበረሰቡን ሊያድኑ ነው። ጎጃምና ምዕራብ ሸዋ፣ የተዋሕዶ ደብርና የኦዳ ጥላ፣ ወጣቱን በአንድ ዓይነት ገመድ አስረውታል። የአማራውንና የኦሮሞውን ማኅበረሰብ ነገር በገዥና በተገዥ ብቻ ለሚያነብብ ሰው ይህ ገጽ ያስቸግረዋል፤ ማስቸገሩም ጥሩ ነው።

ወደ እውነተኛው ወህኒ ልለፍ። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ የምትገኘው አዲስ ዓለም የስንዱ ገብሩ የትውልድ ቦታ ናት። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስዊዘርላንድ የተማረች፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከአርበኞች ጋር የተሰለፈች፤ ተማርካ ከእህቷ ከዩብዳር ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰደች። ስትመለስ ተውኔት ጻፈች፤ «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተመች፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነች፤ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስለ እስረኛ ደራስያን ስናወራ ሐዲስን እንጠቅሳለን፤ ስንዱ ስትነሣ የምሰማው አልፎ አልፎ ነው። ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

ጸጋዬም ስለ እስር የጻፈው ትልቁ ሥራ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። አቡነ ጴጥሮስ በጣልያኖች የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው፤ ጸጋዬ የተወለደውም በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ። ተውኔቱ ጳጳሱን ጀግና አድርጎ ከመጀመሩ በፊት ብቻውን የሚሟገት እስረኛ ያደርገዋል፤ ፍርሃቱን፣ ጥርጣሬውን፣ ከፈጣሪው ጋር ያለውን ክርክር ያሰማናል። ጸጋዬ ራሱ በደርግ ዘመን ታስሯል። የሥራዎቹም ዕጣ ከባለቤቱ ዕጣ ብዙ አልተለየም፤ በሦስቱም መንግሥታት ሳንሱር እጁን ከላያቸው አላነሣም።

እዚህ ላይ አንድ ቦታ መጥቀስ አለብኝ። ዓለም በቃኝ የተባለው የአዲስ አበባ ወህኒ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል፤ ሕንፃው በጥር 2004 ተመረቀ። የኅብረቱ መዝሙር ግጥም የጸጋዬ ነው። በንጉሡም በደርጉም ዘመን ስንቱ የተገደለበት፣ ስንቱ የማቀቀበት ግቢ ላይ የአህጉሩ መሪዎች ተነሥተው የሚቆሙለት መዝሙር የቦዳው ልጅ ያወጣው ቃል ነው። ግቢው ውስጥ ለሞቱት ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ ቢኖራቸው እወድዳለሁ።

ወህኒ ሰውን ዝም ለማሰኘት ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጸሐፊ ያወጣል። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት «ገን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው፤ ብር መሳዩ ገጽ ወደ ውስጥ፣ ነጩ ገጽ ለጽሑፍ። በደቃቃ ፊደል የተሞሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቁራጮች! እየተጣጠፉ በፓኮ ውስጥ ተመልሰው፣ በሚፈቱ ሰዎች እጅ ወጡ፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። በዚያው ዘመን በኬንያ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በካሚቲ ወህኒ፣ በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ፣ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። ልዩነታቸው ያሳስበኛል። ንጉጊ እስር ቤት ገብቶ እንግሊዝኛን ተወ፤ ወደ እናቱ ቋንቋ ወደ ጊኩዩ ተመለሰ፤ የታሰረውም በዚያ ቋንቋ ቴአትር ስላሳየ ነበር። ነቢይ ደግሞ የሩቅ አገር ጦርነት ታሪክ አምጥቶ ክፍሉን ለሞላው እስረኛ ቤተኛ አደረገው። አንዱ ወደ ውስጥ ቆፈረ፤ አንዱ መስኮት ከፈተ። ማንነት ፍለጋ ሲባል የመጀመሪያውን ብቻ የሚያስብ ሰው ሁለተኛው ይቀርበታል።

በዓሉ ግርማን በአጭሩ ላንሣው፤ ታሪኩ ይታወቃል። የኢሉባቦር ሱጴ ተወላጅ፣ አባቱ ሕንዳዊ፣ እናቱ ኦሮሞ፤ የአማርኛን ልብ ወለድ ወደ አዲስ መንገድ ከመሩት አንዱ። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፤ ከመጻሕፍት መደብር ተሰበሰበ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ የወጣው ደራሲ አልተመለሰም። በደም ከሁለት ወገን፣ በቋንቋ ከሦስተኛ ወገን የሆነ ሰው ሥራዎቹ ውስጥ ዘር ቆጥሮ የሚያርፍ ገጸ ባሕሪ እምብዛም የለም፤ ሰዎቹ የሚጨነቁት ለኅሊናቸው ነው። «ልጅነት»ን በ1963 ያሳተመው የወለጋው ሰሎሞን ዴሬሳም በዚሁ ረገድ የሚጠና ነው።

የሁለተኛው መደርደሪያ መነሻም እስር ነው፤ ያውም ከእስር ሁሉ የከፋው ባርነት። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል አሳተመ። አስቴር ገኖም እንዲሁ ከባርነት የወጣች ሴት ናት። እሷ ባትኖር ትርጉሙ ይህን ያህል አይሳካም ነበር፤ ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶችን፣ ዘፈኖችንና እንቆቅልሾችን ከአእምሮዋ እያወጣች ጽፋለች። ከአገሯና ከዘመዷ የተነጠለች ወጣት፣ የቀራት ቋንቋዋ ብቻ ሆኖ፣ እሱን ቃል በቃል ወረቀት ላይ ስታኖር አስቡት። እሷ ያኖረችው ቋንቋ በአገሩ ከትምህርት ቤትና ከማተሚያ ቤት ውጭ አሥርተ ዓመታት ቆየ። በ1984 ዓ.ም. በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ በይፋ መጻፍ ሲጀመር «ጎዳኒሳ»ን የመሰሉ የዳባ ወዬሳ ልብ ወለዶች በፍጥነት የተከተሉት ጽሑፉ ሳይኖር ነገሩ ተጠራቅሞ ስለነበረ ነው።

ጽሑፍ በማይፈቀድበት ዘመን ሸክሙን የተሸከመው ጌራርሳ ነበር። ለአማርኛ አንባቢ ቅርቡ ፉከራና ቀረርቶ ነው፦ ትልቅ አውሬ የገደለ፣ ጠላት የጣለ ሰው ዘሩን ጠርቶ ጀብዱውን ይዘረዝራል። ወህኒ ሲገባ ግን ጌራርሳው ተለወጠ። አድማጩ አብሮት የታሰረው ሰው፣ የሚዘረዘረውም የገደለው አውሬ ቀርቶ የታሰረበት ምክንያትና ያልጠየቁት ወዳጆቹ ሆኑ። የጌራርሳ አጥኚው አዲሱ ቶሌሳ ይህን የእስር ቤት ጌራርሳ የኦሮሞ ሥነ ጽሑፍ አንድ ዋና ዘርፍ አድርጎ መያዙ ትክክል ነው እላለሁ።

ሃጫሉ ሁንዴሳ የወጣው ከዚህ ነው። የአምቦ ልጅ፣ ከብት እየጠበቀ ያዜም የነበረ፤ በ1995 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ታሰረ፤ አምቦ ከርቸሌ ውስጥ አምስት ዓመት ኖሮ በ2000 ተፈታ። ዓለም «ሳኚ ሞቲ» ብሎ ያወቀው የመጀመሪያ አልበሙ በ2001 ሲወጣ የግጥምና የዜማው ብዙ ክፍል እስር ቤት ውስጥ የተሠራ ነበር። ሌላው እኩያው ክፍል ውስጥ በሚማርበት ዕድሜ፣ የዕድሜ ልክ ፍርደኛና የፖለቲካ እስረኛ አብረው በሚተኙበት ቤት ነው ያደገው። በ2007 የወጣው «ማላን ጂራ» ላይ ላዩን የፍቅር እንጉርጉሮ ነው፤ ከስር ግን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ስለ ተነቀለ ሰው ነው። በዚያ ወቅት ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል የተባለው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን የሰው ሁሉ ጭንቀት ነበር። በሚያዝያ 2006 የአምቦ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ወጣቶች በጥይት ወድቀዋል። በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። «ማላን ጂራ» የእነዚያ ዓመታት መዝሙር የሆነው መፈክር ስላልነበረበት ይመስለኛል፤ ተነጠልሁ የሚለው ሰው ከፍቅረኛው ይሁን ከመሬቱ የሚለየው አድማጩ ነው። ይህ ሰምና ወርቅ ለለመደ የአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ፤ ሰኔ 25 በአምቦ ተቀበረ። ከሞቱ በኋላ የሆነውን ሸፍኜ ባልፍ ይህ ዳሰሳ ሐሰት ይሆናል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባጣራው መሠረት በዚያ ሁከት 123 ሰዎች ሞተዋል፤ ከፊሉ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት፣ ከፊሉ ደግሞ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሥቶ፣ በብሔራቸውና በሃይማኖታቸው ተለይተው። የተገፋ ማንነት ክብሩን ፍለጋ ወጥቶ በሌላው ደጃፍ ላይ በቆንጨራ ሲቆም፣ ሃጫሉ ያዜመውን ነገር አላዜመም። ይህን ማለት የአምቦን እናቶች ሐዘን አያሳንስም።

የጽሑፎቻችን ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። ከ1984 በኋላ በሁለቱም ቋንቋዎች ከወጡት የእስርና የመከራ መጻሕፍት ብዙዎቹ እንከን የሌለው ተራኪ አላቸው፦ እሱ የተበደለ፣ ወገኑ የተበደለ፣ ክፋት ሁሉ ከውጭ የመጣ። ጸጋዬ ሻንካን፣ ሐዲስ የበዛብህን እናት ሲጽፉ ያደረጉትን፣ ማለትም ገመዱ ከራስ ቤትም እንደሚፈተል ማሳየትን፣ ዘንግተናል። በዚህ ረገድ የቶኬ ኩታዬው ልጅ መረራ ጉዲና ምስክርነቱ ይጠቅማል። በደርግ ሰባት ዓመት ታስሮ፣ በኅዳር 2009 ዳግመኛ ተይዞ በጥር 2010 የተፈታው ይህ የፖለቲካ ምሁር ደጋግሞ የሚያነሣው ነገር አለ፤ የኢትዮጵያ ልሂቃን ሕልሞች እርስ በርስ ይጋጫሉ ይላል፤ የኦሮሞውን ልሂቅ ሕልምም ከዚያ ሒሳብ አያወጣም።

ከሁሉም በላይ ጎድሎ የማገኘው ግን የሴቷ ድምፅ ነው። ሰብለ ወንጌልንና ኡኩቴን የጻፏቸው ወንዶች ናቸው። ስንዱ ከአዚናራ፣ አስቴር ከባርነት ተመልሰው ብዕር ቢይዙም የሁለቱንም ሥራ በትምህርት ቤት ያነበበ ተማሪ አላጋጠመኝም። እስር ቤት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የስንቅ ሰልፉን ያውቃል። ጎህ ሲቀድ በሳሕንና በፔርሙስ የሚጀምር፣ እናትና እኅት፣ ሚስትና እጮኛ የሚቆሙበት፣ ዘቡ ወጡን በማንኪያ አማስሎ ቀድመሽ ቅመሺ የሚልበት ሰልፍ። እስረኛው ገብቶ ሲወጣ መጽሐፍ ይጽፋል፤ አልበም ያወጣል። በዚያ ሰልፍ አምስት ዓመት ወይም ሰባት ዓመት የቆመችው፣ ገበያ ውላ ስንቅ የቋጠረች፣ ልጆቹን ብቻዋን ያሳደገች ሴት በመጽሐፉ ውስጥ የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ የምስጋና ገጽ ነው። የከርቸሌ ታሪክ ግማሹ የእሷ ነው፤ በአምቦ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ ስለምትናገርም በየትኛው መደርደሪያ እንደምትቀመጥ ለመወሰን የሚያስቸግር መጽሐፍ ይወጣታል።